መጀመሪያ የተናገረው ሰው

ሜይ 18 ቀን 2023 አንድ ሰው ብሪታንያ ውስጥ ወደሚገኝ የቢቢሲ ሕንፃ ገብቶ በጣቢያው ዜና አቅራቢ ላይ አቤቱታ አለኝ አለ። የመጣው ስለ ቤተሰቡ አባል ነው። በማግስቱ ወደ አድማጭና ተመልካች አገልግሎት ደወለና 29 ደቂቃ ተናገረ። ጉዳዩ ወደ ምርመራ ክፍል ተመራ። ክፍሉም ነገሩ ወንጀል ባይመስልም መጣራት እንዳለበት ወስኖ፣ ሰውዬው ማንነቱን እንዲያረጋግጥ ኢሜይል ጻፈለት። መልስ አልመጣም። ጁን 6 በሰጠው ስልክ ቁጥር ተደወለ፤ አልገባም። ከዚያ ወዲያ ማንም አልደወለለትም። ፋይሉ አልተዘጋም፤ ክፍት እንደሆነ ጠረጴዛ ላይ ቀረ።

ይህን የጊዜ ቅደም ተከተል በኋላ ያወጣው ራሱ ቢቢሲ ነው። ሳነበው ቶሎ ማለፍ ያቃተኝ ከጁን 6 እስከ ጁላይ 6 ያለው አንድ ወር ነው። በዚያ ወር አቅራቢው እንደ ወትሮው ሥራው ላይ ነበር። ጁላይ 6 ዘ ሰን የተባለው ጋዜጣ ለቢቢሲ ደውሎ ልናትመው ነው ሲል ግን በዚያው ቀን አለቆቹ ሁሉ ሰሙ፣ በዚያው ቀን አቅራቢው ተጠየቀ፣ በሦስተኛው ቀን ከሥራ ታገደ። የአንድ ተራ ሰው ቃል በሰባት ሳምንት ያላንቀሳቀሰውን ቤት የጋዜጣ ስልክ በአንድ ቀን አንቀሳቀሰው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በዜና ክፍል ተረኛ አዘጋጅ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ጣቢያዎችና ስለ አቅራቢዎቻቸው ጥፋት ሲወራ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ምን አደረገ?» እና «ተባረረ ወይ?» ብሎ ነው። እኔ ሁልጊዜ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ መጀመሪያ የተናገረው ማን ነበር? እሱስ ምን ሆነ?

የቢቢሲው አቅራቢ ሂው ኤድዋርድስ ነበር። የንግሥት ኤልሳቤጥን ሞት ሴፕቴምበር 8 ቀን 2022 በጥቁር ክራቫት ለብሪታንያ ሕዝብ ያረዳው እሱ ነው። ጋዜጣው ወሬውን ያወጣው ስም ሳይጠራ ነበር፤ ሌሎቹም ጋዜጦችና ራሱ ቢቢሲ ለቀናት «አንድ ታዋቂ አቅራቢ» እያሉ ነው የዘገቡት። ጁላይ 12 ስሙን ለሕዝብ የተናገረችው ባለቤቱ ናት፤ እሱ ያን ጊዜ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር።

ይህ ስም የመሸሸግ ነገር ብዙ አንባቢ «እርስ በርስ መከላከል ነው» ብሎ እንዲጠረጥር አድርጎታል። በከፊል ግን ሕጉ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ቢቢሲ ራሱ በ2014 ፖሊስ የዘፋኙን ክሊፍ ሪቻርድን ቤት ሲፈትሽ ከሄሊኮፕተር ቀርጾ አስተላልፎ ነበር። ዘፋኙ አልታሰረም፣ አልተከሰሰም። በ2018 ፍርድ ቤቱ የግል ሕይወቱ ተጥሷል ብሎ በመጀመሪያ 210 ሺህ ፓውንድ ካሳ ፈረደለት። ከዚያ ፍርድ በኋላ ገና ያልተከሰሰን ሰው ስም መጥራት ለማንም የእንግሊዝ አዘጋጅ ከባድ ሆነ።

እዚህ ላይ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮች አሉ። ዜና አቅራቢ የሚያጠፋው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በአየር ላይ የሚወጣው ነው፤ ሐሰት መናገር፣ ማዳላት፣ ቃለ መጠይቅ ቆርጦ መቀጠል፣ ሰውን አታሎ ማናገር። ይህ የዜና ሥነ ምግባር ጉዳይ ነው፤ መዳኛውም እርምትና ይቅርታ ነው። በብሪታንያ አቤቱታ ያለው ሰው መጀመሪያ ለራሱ ለቢቢሲ ይጽፋል፤ ካልረካ በቢቢሲ ውስጥ ወዳለው ከፍተኛ የአቤቱታ ክፍል ይሄዳል፤ እዚያም ካልረካ ኦፍኮም ወደሚባለው በሕግ የተቋቋመ ተቆጣጣሪ ይወስደዋል። ኦፍኮም ሊቀጣ ይችላል፤ በ2022 የሩሲያውን አርቲ ቴሌቪዥን ፈቃድ የሰረዘው እሱ ነው።

ሁለተኛው ከአየር ውጪ የሚደረገው ነው። የበታች ሠራተኛን ማንገላታት፣ በዝና ወጣቶችን መጠጋት፣ ወንጀል። ይህ የአሠሪና የሠራተኛ ጉዳይ ነው፣ ሲከፋም የፖሊስ። ኦፍኮም እዚህ ውስጥ አይገባም፤ የሚመዝነው የተሰራጨውን ፕሮግራም ነው። ለዜናው ሰፊ በር፣ የተጻፈ ደንብና የሰለጠነ ክፍል እያለ፣ ስለ ሰውዬው ጠባይ ሊናገር የመጣ ሰው ግን የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ እንኳን አያውቅም። ያ ሜይ 18 የመጣው ሰው የጠፋው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ቢቢሲ በፌብሩዋሪ 2024 ያሳተመው የግምገማ ሪፖርትም ስለ ፕሮግራም ያልሆኑ አቤቱታዎች በአንድ ወጥ አሠራር መያዝ እንዳለባቸው ነው የመከረው።

የኤድዋርድስ ነገር በዚያ አላበቃም። በመጀመሪያው ወሬ ፖሊስ የወንጀል ማስረጃ አላገኘሁም አለ፤ የሚወራለት ወጣትም በጠበቃው በኩል ምንም ሕገ ወጥ ነገር አልተደረገም ሲል አስተባበለ። ነገር ግን ኖቬምበር 2023 ኤድዋርድስ በሌላ ጉዳይ ተያዘ፤ ሌላ ሰው በዋትሳፕ የላከለት የሕፃናት የብልግና ምስሎች ተገኙበት። ፖሊስ መያዙን ለቢቢሲ በምስጢር ነገረው። ቢቢሲም ደመወዙን እየከፈለ ቆየ፤ በኤፕሪል 2024 ራሱ በሕክምና ምክር ብሎ ሥራውን ለቀቀ። ጁላይ 31 ጥፋቱን አመነ፤ በሴፕቴምበር ስድስት ወር እስራት በሁለት ዓመት ገደብ ተፈረደበት። ከሥራ በታገደበት የበጀት ዓመት ክፍያው ከ475 ሺህ ፓውንድ በላይ ነበር። ቢቢሲም ኤድዋርድስ ከተያዘ በኋላ የተከፈለውን ወደ 200 ሺህ ፓውንድ እንዲመልስ ጠየቀው።

ደመወዙን በዚያው ማቆም ይቻል ነበር ወይ? አዘጋጆች በዚህ ይከራከራሉ። እገዳ በሕግ ፊት ቅጣት አይደለም፤ ነገሩ እስኪጣራ ሰውዬውን ከሥራው ዞር ማድረግ ነው። ያልተፈረደበትን ሰው ደመወዝ መከልከል ጣቢያውን ራሱን ሊያስከስስ ይችላል። ይህን እቀበላለሁ። ጥያቄዬ ከእገዳው በፊት ባለው፣ መጀመሪያ የተናገረው ሰው ባልተሰማበት ጊዜ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሌላ ሰው ልሂድ፤ ስሙ ማት ዊስለር ነው። የቢቢሲን ታሪክ የሚያውቁ ሁሉ ጋዜጠኛውን ማርቲን ባሽርን ያውቃሉ፤ ዊስለርን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ዊስለር ፓኖራማ ለተባለው የቢቢሲ የምርመራ ፕሮግራም ምስሎችና ሰነዶች የሚሠራ የግራፊክስ ባለሙያ ነበር። በ1995 ባሽር ሁለት የባንክ ሂሳብ መግለጫ የሚመስሉ ወረቀቶች እንዲሠራለት አዘዘው። ዊስለርም ለፕሮግራም ማሳያ መስሎት በአንድ ሌሊት ሠርቶ ሰጠው። ወረቀቶቹ ግን በቴሌቪዥን አልታዩም። ባሽር የወሰዳቸው ለልዕልት ዳያና ወንድም ለኧርል ስፔንሰር ነው፤ ቀድሞ ይጠብቀው የነበረ ሰው ስለ ቤተሰቡ ወሬ እያቀበለ ገንዘብ ይቀበል ነበር ብሎ አሳመነው። በስፔንሰር በኩል ወደ ዳያና ደረሰና ቃለ መጠይቅ አደረገላት። ኖቬምበር 20 ቀን 1995 ቃለ መጠይቁ ሲተላለፍ በብሪታንያ ብቻ ወደ 23 ሚሊዮን ሰው ተመለከተው።

ዊስለር ፕሮግራሙን ሲያይ ደነገጠ። የሠራው ወረቀት ለምን እንደዋለ ጠረጠረና ለፓኖራማ አለቆች ሄዶ ተናገረ። መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው። ባሽር ሲጠየቅ ወረቀቶቹን ለማንም አላሳየሁም አለ፤ ደጋግሞ አለ። በኋላ ላይ ለስፔንሰር ማሳየቱን አመነ። በ1996 የያኔው የዜና ኃላፊ ቶኒ ሆል ነገሩን አጣራሁ ብሎ ባሽር ታማኝና የተከበረ ሰው መሆኑን ለበላይ አመራሩ በስብሰባ አስረዳ። ስፔንሰርን ግን አላነጋገረውም። ስለ ዊስለርስ? ሆል በዚያው ጊዜ ለአመራሩ ባቀረበው ጽሑፍ፣ ይህ ባለሙያ ዳግመኛ ለቢቢሲ እንዳይሠራ እርምጃ እየተወሰደ መሆኑን አሳወቀ።

ሐሰተኛውን ሰነድ ያዘዘው የተከበረ ሰው ተባለ፤ ነገሩን ያወጣው ሥራውን አጣ። ሆል በ2013 የቢቢሲ ዋና ዳይሬክተር ሆነ። ባሽር በ2016 የሃይማኖት ጉዳዮች ዘጋቢ ሆኖ ተመልሶ ተቀጠረ። በ2020 ስፔንሰር ያስቀመጣቸውን ማስታወሻዎች ይዞ አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው ቢቢሲ ጡረታ የወጡትን ዳኛ ሎርድ ዳይሰንን የሾመው። የዳይሰን ሪፖርት ሜይ 20 ቀን 2021 ወጣ። ባሽር በማታለል የቢቢሲን ደንብ በከባድ ሁኔታ ጥሷል፣ የ1996ቱም ማጣራት እጅግ ደካማ ነበር አለ። ቢቢሲ በቃለ መጠይቁ ያገኘውን ባፍታ የተባለ የቴሌቪዥን ሽልማት መለሰ፤ በኋላም ቃለ መጠይቁ ዳግመኛ እንዳይተላለፍ ተወሰነ። ዊስለር ይቅርታ የተጠየቀው ሪፖርቱ በወጣበት ዓመት ነው። ሃያ አምስት ዓመት!

ፍርዴን ሳልሸፋፍን ልናገር። ከባሽር ጥፋት ይልቅ የ1996ቱ ስብሰባ ይከብደኛል። አንድ ጋዜጠኛ ሊዋሽ ይችላል፤ የትም አገር አለ። የተከበሩ የዜና ሰዎች ቁጭ ብለው የሁለት ሰው ጉዳይ ፊታቸው አድርገው ዝነኛውን አምነው ባለሙያውን ሲያባርሩ ግን ደንቡ ለማን እንደተጻፈ ራሳቸው ረስተዋል ማለት ነው።

በአሜሪካ ያለውን ባጭሩ ልንካ። በ2004 የሲቢኤሱ ዜና አቅራቢ ዳን ራዘር ስለ ፕሬዚዳንት ቡሽ የውትድርና አገልግሎት ያቀረበው ዘገባ ያልተረጋገጡ ሰነዶች ላይ የተመሠረተ ሆኖ ተገኘ። ጣቢያው ራሱ ከቀጠራቸው የሰነድ መርማሪዎች ሁለቱ ከስርጭቱ በፊት ጥርጣሬያቸውን ተናግረው ነበር፤ ዘገባው ግን ወጣ። ጣቢያው ከውጭ ባመጣቸው ሰዎች አስመርምሮ ግኝቱን በ2005 መጀመሪያ ላይ አሳተመ፤ ፕሮዲውሰሯ ተባረረች፣ ሦስት ኃላፊዎች እንዲለቁ ተጠየቁ። በ2015 ደግሞ የኤንቢሲው ዜና አቅራቢ ብራያን ዊልያምስ በ2003 ኢራቅ ውስጥ የተሳፈርኩበት ሄሊኮፕተር በሮኬት ተመታ ብሎ ሲተርክ፣ በእውነት በተመታችው ሄሊኮፕተር ላይ የነበሩት ወታደሮች በፌስቡክ ላይ ወጥተው አንተ ከእኛ ጋር አልነበርክም አሉት። ስድስት ወር ያለ ደመወዝ ታገደ፤ ወደ ዋናው የማታ ዜናም አልተመለሰም። ወታደሮቹ ቶሎ የተሰሙት ጣቢያው በር ላይ ስላልቆሙ ይመስለኛል። የተናገሩት ሕዝብ ፊት ነው።

አሁን የራሴን ልናገር። ጣቢያውን አልጠራም፤ የሰዎቹንም ስም አላነሳም።

አንድ ማታ የሁለት ሰዓት ዜና እያዘጋጀን ነበር። ድምፁን አገር ሁሉ የሚያውቀው አንድ አቅራቢያችን ከመስክ ተመልሶ ስለ አንድ ወረዳ የእህል እርዳታ የራሱን ዘገባ በእጁ ጽፎ አመጣ። 12 ሺህ ኩንታል ተከፋፈለ ይላል። የምትተይበው ልጅ ወረቀቱን ተቀብላ ጥቂት መስመር መታችና ቆመች። ወደ እኔ መጣች። «ጋሼ፣ ይሄ ቁጥር ልክ አይመስለኝም። ትናንት ከወረዳው በስልክ የተቀበልኩት 1,200 ነው።» አቅራቢው ከኋላዋ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ለመቅረብ 20 ደቂቃ ቀርቶናል። እኔ ቀና ብዬ እንኳን ሳላያት፣ «አንቺ ዝም ብለሽ ጻፊ፤ እሱ ያውቃል» አልኳት። ተመልሳ ጻፈች። ዜናው በዚያ በሚያምር ድምፅ ተነበበ።

በማግስቱ ጧት ከወረዳው ስልክ ይደወል ጀመር። ሰዎቹ የሚጠይቁት ሌላ አይደለም፤ የቀረው 10,800 ኩንታል የት ገባ ነው የሚሉት። የእርዳታ አከፋፋዮቹ ሌቦች ተባሉ። አንዱ አከፋፋይ ሠፈር ውስጥ መውጣት አቃተው አሉን። እርምት እናውጣ ብዬ አለቃዬን ጠየቅሁ። «ተወው፣ ይረሳል» ተባልኩ፤ ተውኩት። በወሩ ልጅቷ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወረች። ምክንያቱን የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አቅራቢው ዜናውን ማንበቡን ቀጠለ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለቅሶ ቤት አገኘኋት። ልጆቿ አድገዋል። ያን ማታ አንስቼ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ወረቀቱ እኮ እጄ ላይ ነበር ጋሼ» አለችኝ። «በስልክ የተቀበልኩበትን ይዤው ነው የመጣሁት። ላሳይዎ ነበር።»

ስለዚህ የቢቢሲን ሪፖርት ሳነብ ከሩቅ ሆኜ አልፈርድም። በዚያ የ1996 ስብሰባ የተቀመጡትን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። እኔም አንድ ማታ በዚያ ወንበር ተቀምጫለሁ።

ቢቢሲን የማመሰግንበት አንድ ነገር አለ፤ ሲወድቅ ራሱን አደባባይ ላይ ይመረምራል። በኖቬምበር 2012 ኒውስናይት የተባለው ፕሮግራሙ አንድን ፖለቲከኛ በስህተት በሕፃናት ጥቃት ያስጠረጠረ ዘገባ ካወጣ በኋላ፣ የራሱ ጋዜጠኛ ጆን ሃምፍሪስ ዋና ዳይሬክተሩን ጆርጅ ኤንትዊስልን ጧት በሬዲዮ አፋጥጦ ጠየቀው፤ ኤንትዊስል ማታውኑ ሥራውን ለቀቀ፤ በወንበሩ የቆየው 54 ቀን ብቻ ነው። በ2025 ግን ፓኖራማ የፕሬዚዳንት ትራምፕን ንግግር ከ50 ደቂቃ በላይ ከሚራራቁ ሁለት ቦታዎች ቆርጦ እንደ አንድ አረፍተ ነገር ማጋጠሙ በአንድ የቀድሞ አማካሪ ማስታወሻ ወጣ። ኖቬምበር 9 ዋና ዳይሬክተሩ ቲም ዴቪና የዜና ኃላፊዋ ዴቦራ ተርነስ ሥራቸውን ለቀቁ። ይህም ማስታወሻ ለቦርዱ የተላከ ነበር፤ ነገሩ የተንቀሳቀሰው ግን ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ነው። ያው የድሮው ነገር።

ይህ የእንግሊዞች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቢቢሲ ከ2017 ጀምሮ በአማርኛ፣ በትግርኛና በአፋን ኦሮሞ ይዘግባል፤ የጀርመን ድምፅ አማርኛ ከ1965 ጀምሮ አለ። በእነዚህ ጣቢያዎች የወጣ ነገር ገበያ ውስጥ እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል፤ «ሬዲዮ ተናግሯል» ከተባለ ክርክሩ አልቋል። አገር ቤትም የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አለ፤ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም አለ። ወረቀቱ አልጎደለም። ከዋሽንግተን እስከ አዲስ አበባ በዩቲዩብ የሚያሰራጩትን የአማርኛ ቻናሎች ግን ልብ ብላችሁ እዩ፤ ብዙዎቹ የባንክ ሂሳብ ቁጥራቸውን በየፕሮግራሙ መጨረሻ ይጽፋሉ፣ አቤቱታ የምትልኩበትን አድራሻ ግን አታገኙም።

የዜና ክፍል የምትመሩ ወንድሞቼና እህቶቼ ሆይ፣ ጽሑፉን የሚተይበው፣ ካሜራውን የሚይዘው፣ ድምፁን የሚቆርጠው ሰው ከአቅራቢው በፊት ያያል። ወረቀት ይዞ ሲመጣ ቀና በሉና ተመልከቱት። አቤቱታ ላቀረበ ሰው ስልኩ ካልገባ፣ በማግስቱ ደግማችሁ ደውሉለት። እናንተም አድማጮች፣ ስህተት ስትሰሙ ለጎረቤት አውርታችሁ አትተዉት። የፕሮግራሙን ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባለውን ቃል ጻፉና ለጣቢያው ላኩ፤ አንድ ግልባጭም ለራሳችሁ አስቀምጡ።